የእማማ ግድግዳ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከድሬ ዳዋ

ግንቦት 9 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ባለፈው እሑድ በሰንበት ትምህርት ቤታችን በማዕከላዊያን፣ ማለትም በታዳጊዎቹ፣ ክፍል የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 2 እያስተማርኩ ነበር። «ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው» የሚለው ጋ ስንደርስ ልጆቹን ጠየቅኳቸው። አገልግሎት ስንል ምን ማለታችን ነው? እጆች ተነሡ። መዘመር። ማስተማር። ከበሮ መምታት። ለጥምቀት ምንጣፍ ማንጠፍ። ሁሉም ትክክል ነው። እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ፣ «እህቴ፣ ድምፅ የሌለው፣ ሰው ፊት መናገርም የማይሆንለት ልጅ ምን ያገልግል?» አለኝ። ከትምህርት ቤት መልስ ብየዳ ቤት ነው የሚውለው። ሁለት ዓመት ሲማር አንድ ቀን እንኳ እጁን አውጥቶ አያውቅም። መልስ አልነበረኝም። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እንመለስበታለን» ብዬ አለፍኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጆቻችንን ስለ እምነት ስንት ሰዓት አስቀምጠን እንነግራቸዋለን! እስቲ ተነሡና አሳዩን ያልናቸው መቼ ነው?

ዛሬ 14 ልጆች ይዤ እማማ ቤት ሄድኩ። እማማን በደብራችን የማያውቅ የለም። ስንት ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሲጠርጉ የኖሩ እናት ናቸው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አይታዩም። ጉልበታቸውን አሟቸው ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ግን ሄጄ አልጠየቅኳቸውም። ይኼ ይቆጨኛል።

ቤታቸው ከደቻቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም። የጭቃ ቤት ነው፤ አንድ ክፍልና ጓዳ። በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ ከሥሩ ተበልቷል። ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ይታያል። የብየዳ ቤቱ ልጅ የማዕዘኑን ቋሚ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ጣቱ ገባ። ከላይ ደህና እንጨት ይመስላል። ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል።

እኛ አስበን የሄድነው ቀለም ልንቀባላቸው ነበር። ከመዝሙር ክፍል የመጣች ልጅ ግን፣ «እማማ፣ ምን ብንሠራልዎ ደስ ይልዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እኔ እንኳ ልጠይቅ አላሰብኩም። እማማ ቶሎ መለሱ። «መደቧን።»

መደቧ ከደጁ፣ ከበሩ ጎን የነበረች የጭቃ መቀመጫ ናት። አምና ጎርፍ አፍርሷታል። «እሷ ከፈረሰች ወዲህ ሰው አይቀመጥም። ሰው ካልተቀመጠ ቡናውን ለማን አፈላዋለሁ?» አሉ።

ግድግዳው ሊወድቅባቸው ነው፤ እሳቸው የሚያስቡት እንግዳ የሚቀመጥበትን ነው። ስንመለስ ልጆቹ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ ሁለቱንም እንሥራ ተባባልን። የቀለሙ ነገር ቀረ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ለካን። ግድግዳው 4 ሜትር ከ20 ነው። ከ17 ቋሚ 11ዱ አይረባም። የሚያስፈልገን 11 የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ የመሠረት ድንጋይ፣ 3 ከረጢት ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ 6 ጆንያ ጭድ፣ 4 ኪሎ ምስማር። ለምስጡ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት፤ እሱን ከጋራዥ በነፃ አገኘን።

ገንዘቡ ላይ አንድ ነገር ተስማማን። ማንም ከወላጁ ተቀብሎ አያመጣም፤ ከራሱ ይሁን። አንዷ ለሁለት ሳምንት ባጃጅ ትታ በእግሯ ልትሄድ ወሰነች። በድሬ የግንቦት ፀሐይ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ የኳስ ጫማ የሚገዛበትን አመጣ። ሲሚንቶውን የጽዋ ማኅበር እናቶች ቻሉልን። ቀበሌም አሳወቅን።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተገናኘን። እዚህ በዚህ ወር ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ መሥራት አይታሰብም።

መጀመሪያ ጣሪያውን መደገፍ ነበረብን። እኛ ወዲያው ግድግዳውን ልናፈርስ ዶማ አንሥተን ነበር። ከጎረቤት አንድ አባት ወጥተው፣ «ቆይ፣ ቆይ! ጣሪያውን በምን ይዛችሁ ነው?» አሉን። ድሮ ምድር ባቡር የሠሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ገብተው አምስት ባላ አወጡልን። የቱ ጋ እንደሚቆም፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ መግባት እንዳለበት፣ እንጨቱ ምን ያህል ጋደል እንደሚል ራሳቸው አሳዩን። ባላውን ሲያስገቡ በመዶሻ አይመቱትም። በትከሻቸው ገፋ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ጣሪያው ያቀናሉ። ቆርቆሮው ቀስ ብሎ «ሲጥ» ሲል፣ «በቃ፣ ያዘ» ይላሉ።

ሙስሊም ናቸው። ሥራው ደስ ብሏቸዋል። «እናንተ ደቦ ትሉታላችሁ፣ እኛ ደግሞ ጉዛ እንለዋለን። ሥራው ያው ነው» አሉን።

ከዚያ አፈረስን። የበሰበሱትን ቋሚዎች ስንነቅል ከመሬት በታች ያለው ክፍል እጃችን ላይ እንደ ብስኩት ፈረሰ። ሴቶቹ ፍርስራሹን በባሊ አወጡ። ያረጀውን ጭቃ አልጣልነውም። እማማ፣ «እሱ እኮ ቤት የሆነ አፈር ነው፣ መልሳችሁ አቡኩት» አሉን።

ዕረፍት ላይ ልጆቹ ስለ ጎርፉ ጠየቋቸው። አብዛኞቹ ያኔ አልተወለዱም። ሐምሌ 1998 ነው፤ ከ29 ለ30 አጥቢያ፣ ሌሊት። ከ250 በላይ ሰው ያለቀበት ጎርፍ ነው። እማማ በእጃቸው ደረታቸው ላይ ለክተው ውሃው የደረሰበትን አሳዩን። ደቻቱ እንዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወደ ደንገጎ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ተጠራቅሞ ድንገት ይመጣል። እማማ የዚያን ሌሊት ጎረቤቶቻቸውን በየስማቸው ጠሩ። ሲጨርሱ አማተቡ። ልጆቹም አማተቡ። ባላ ያወጡልን አባት አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ እሳቸውም ያን ሌሊት ያጡት ሰው አለ።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

መሠረት። እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋይ በሲሚንቶ ገነባን። የቋሚዎቹን ሥር የተቃጠለ ዘይት ሁለት ጊዜ ቀብተን ተከልን። አሸዋው የደቻቱ ነው፤ በአህያ ጋሪ መጣ።

ውሃ አስቸገረን። የሰፈሩ ተራ ዛሬ አልነበረም። የባላው አባት ባለቤት ከበርሜላቸው ሰባት ጀሪካን ሰጡን። ለሳምንት ያጠራቀሙት ነው። ጀሪካኑን ሲያመላልስ የዋለው የብየዳ ቤቱ ልጅ ነው። ቀጥ ያለ መስመር በገመድ አውጥቶ ድንጋይ የደረደረውም እሱ ነው። ሌሎቹ አሁን «ይኼ እንዴት ነው?» እያሉ እሱን ይጠይቁታል። እሱም ይመልሳል። አቦ፣ ይኼን ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝምተኛ ነው ብዬ ነበር የማውቀው!

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሥራው አይደለም።

ቅዳሜ ፎቶ አንሥቼ ነበር። እማማ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸው የፈረሰው ግድግዳ አለ። ሌሎች ወጣቶች አይተው ይነሣሡ ብዬ በቴሌግራም ለቀቅኩት። ሥሩም «ረዳት ለሌላቸው እናት» ብዬ ጻፍኩ። ጅቡቲ ያለችው የልጅ ልጃቸው አየችው። ደውላ አለቀሰች።

ዛሬ ከጸሎት በኋላ ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። አልተቆጡኝም። «የኔ ልጅ፣ እኔ ረዳት የለኝም እንዴ? የልጅ ልጅ አለችኝ። ጎረቤት አለኝ። እግዚአብሔር አለኝ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ፎቶውን እዚያው ፊታቸው አጠፋሁት። ለልጅ ልጃቸውም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ማታ ለልጆቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ የሚለውን በቃላቸው ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ። ዐውቀን ግን ስልካችንን ስናወጣ ረሳነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ግቢ ስልክ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል ብለን ተስማማን። እንደ እኔ የወጣት ክፍል የምትመሩ ሁሉ ይኼን ነገር አደራ። የሰው ችግር የእኛ መልካምነት ማሳያ ሲሆን ያን ሰው ያመዋል።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ማገሩን መትተን ጨረስን። ከዚያ ጭቃ።

እማማ ጭቃው ቢያንስ አራት ቀን ይቡካ ብለውን ነበር። እኛ ግን የፈተና ሰሞን ደርሷል፣ 12ኛ ክፍሎቹ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ አይኖሩም ብለን ተጣደፍን። ጠዋት ረግጠን ጠዋት መረግን። ጭዱንም ቆጠብን። እማማ አዩ፤ «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ። ያቺ ንግግር ምን ማለት እንደሆነች መረዳት ነበረብኝ።

የሰኔ ጾም ነው። ስንጨርስ የጎረቤቷ እናት ትኩስ ሳምቡሳ በሰፌድ ይዘው መጡ። «የምስር ነው፣ ሥጋ የለበትም፣ በዘይት ነው የጠበስኩት። መጥበሻውንም አጥቤዋለሁ፣ አይዟችሁ ብሉ» አሉን። ጾማችን የሚገባበትን ቀን ቆጥረው ያውቃሉ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው በሉ።   እሳቸውም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እልካለሁ አሉ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሚካኤል። ሥራ የለም። ቅዳሴ ላይ የአፎምያ ታሪክ ተነገረ። ባሏ ሲያርፍ ምጽዋቷንና ዝክሯን እንዳታቋርጥ አደራ ያላት ሴት ናት። በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ዛሬ የያዘኝ ግን «እንዳታቋርጥ» የሚለው ነው። አፎምያ አንድ ቀን ብዙ የሰጠች ሴት አይደለችም፤ በየወሩ የሰጠች ናት። ወጣት ሲሞቅ ብዙ ይሠራል፣ እኛም በሞቀበት ቀን እናጨበጭብለታለን። ስድስተኛው ቅዳሜ ላይ ማነው የሚጠራው?

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ተሰነጠቀ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። አንድ ቦታ ምርጊቱ እንዳለ ተገንጥሎ ወድቋል። ያልቦካ ጭቃ፣ ጭድ ያነሰው፣ ወፍራም ተደርጎ የተመረገ፣ በዚህ ፀሐይ። ሌላ ምን ይጠበቃል።

ልጆቹ ደነገጡ። አንዷ አለቀሰች። «እግዚአብሔር ሥራችንን አልወደደውም ማለት ነው?» አለች። እማማ ከወንበራቸው ተነሡ። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ተደግፈው ከወደቀው ጭቃ ዘገን አደረጉ። በሁለት ጣታቸው ፈረከሱትና አሳዩአት። ውስጡ ዱቄት ነው። «እይው፣ የኔ ዓለም። ይኼ ሊጥ እንደማለት ነው። ያልቦካ ሊጥ ጋግረሽ ታውቂያለሽ? እግዚአብሔር ምን አደረገ? እናንተ ናችሁ የቸኮላችሁ» አሏት። ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች።

ሁሉንም አራገፍን። መሬቱ ላይ ጉድጓድ አወጣን። ያረጀውን ጭቃ፣ አዲሱን አፈር፣ ሁለት እጥፍ ጭድ። ከዚያ እርገጣ። የዛሬው የጭቃ አለቃ እማማ ነበሩ። «እዚህ ጋ ደርቋል፣ ውሃ። አይ፣ በዛ። ተረከዝህን ተጠቀም፣ ተረከዝ!» እያሉ። በጆንያ ሸፈንነው። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ ማታ ውሃ የሚያርከፈክፍ ተረኛ መደብን።

ከዚህ ሁሉ ቀን የዛሬው ይበልጥብኛል። ልጆቹ ድጋሚ እንሥራ ሲሉ ማንም አላስገደዳቸውም።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

6 ሆነን ነው የሠራነው። ተፈታኞቹ የሉም። አንደኛውን ምርጊት ስስ አድርገን ጨረስን። አልተሰነጠቀም።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ሁለተኛ ምርጊት። አሁን 9 ነን። አልፎ ሂያጅ ሦስት ወጣቶች ቆመው አዩን። አንደኛው ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ። የየት ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ወይም ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ሲሄድ ብቻ፣ «ቅዳሜ ደግሞ ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

መደቧንም ጀመርን። ድንጋዩን ደረደርን። ከፍታዋን ማን ይወስን? የብየዳ ቤቱ ልጅ እማማን ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸው። ከጉልበታቸው እጥፋት እስከ መሬት በሜትር ለካ። 43 ሴንቲ ሜትር። «ለመነሣት እንዳይቸገሩ 45 ላድርገው?» ብሎ ጠየቃቸው። እማማ መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ራሱን ዳበሱት። «አርባ አምስት አድርገው» አሉ።

ከሥራው በኋላ ያን ጥያቄውን አስታወስኩት። «መልሱን አገኘኸው?» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ጾሙ ተፈታ። ሥራ የለም። ልጆቹ ግን ከየቤታቸው ምሳ አዋጥተው ለእማማ ወሰዱላቸው። ለጎረቤቶቹም የሳምቡሳውን ሰፌድ ባዶውን አልመለስንም፤ ብርቱካንና ሙዝ ሞላንበት።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ልስን። በተነፋ አፈርና በደቀቀ ጭድ ሠራነው። ሴቶቹ በመዳፋቸው ነው ያለሰለሱት። ከመዝሙር ክፍል የመጣችው ልጅ ስታለስልስ ታዜማለች። ሌሎቹም ቀስ ብለው ገቡበት። የልስኑ እንቅስቃሴና ዜማው አንድ ሆነ። ዝማሬ አገልግሎት አይደለም አላልኩም። ቅድም ጭቃ በያዘ እጅ ሲዘመር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

መደቧ ደረቀች። እማማ ቁርጥራጭ ምንጣፍ አነጠፉባት። ማንም ሳይቀመጥባት በፊት የጎረቤቷን እናት ጠሯቸው። ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚያ ቡናው ቀረበ። እኛ መሬት ላይ ነበርን፤ ሁለት መደብ የሚሞላ ልጅ ነው ያለን። አቦል ለባላው አባት ተሰጠ። ዕጣኑ ጭሶ፣ ሁሉም እንደየእምነቱ መረቀ። እኛም አሜን አልን።

ከቡና በኋላ ስለሚቀጥለው ተነጋገርን። አራት ልጆች በየወሩ በ12 እየመጡ እማማን ሊጠይቁ፣ ውሃ ሊቀዱ፣ ጉልበታቸውንም ሐኪም ቤት ሊያሳዩአቸው ተመደቡ። የሚካኤልን ቀን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ደግሞ የሚሄደው ሰው ተራ ይዟል፤ እማማን በባጃጅ ወደ ቅዳሴ የሚያመጣ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ትናንት ቁልቢ ገብርኤል ነበር። ከልጆቻችን ግማሹ በእግሩ ሄዷል፤ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔ እዚሁ ቀረሁ።

ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ዝናቡ ጣለ። ቆርቆሮው ሲጮህ ነቃሁ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የብየዳ ቤቱ ልጅ ነው። «እህቴ፣ እማማ ጋ እየሄድኩ ነው፤ አንቺ አትውጪ» አለኝና ዘጋው። እንዴት እተኛለሁ። ውዳሴ ማርያም ይዤ ቁጭ አልኩ። 9 ሰዓት ተኩል ላይ መልሶ ደወለ። ደቻቱ ድምፅ አለው፣ ግን እስከ ሰፈሩ አልወጣም። የባላው አባትም ባትሪ ይዘው ወጥተው ነበር። እማማ ተኝተዋል፤ አልቀሰቀሷቸውም።

ከቅዳሴ በኋላ ሄጄ አየሁት። እርጥበቱ ከድንጋዩ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። ከዚያ በላይ ግድግዳው ደረቅ ነው። የመደቧ አንድ ጥግ ግን ጣሪያው የሚያፈስበት በመሆኑ ተሸርሽሯል። እፍኝ ጭቃ ይበቃዋል። የጎን ቆርቆሮውን አንድ ክንድ ማስረዘምም አለብን፤ ይኼን አላሰብንበትም ነበር።

የቦካ ጭቃ ጥግ ላይ ተሸፍኖ ተርፏል። ከቁልቢ የሚመለሱት ማክሰኞ ይገባሉ። ረቡዕ ከ12 ሰዓት ጀምሮ።